በካሬ የማይሸጠው ግቢ

ሰንጋ ተራ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ደላላ ሲጠራ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው። ስንት ካሬ ነው? ካርታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? አስፋልት ይነካል? መኪና ያስገባል? ቤቱ ራሱ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ «ለአፍርሶ ሠሪ የሚሆን» ተብሎ ይታለፋል። በረንዳው ፊት ስላለው የጽጌረዳ መደብ፣ ከኩሽናው ጀርባ ስለቆመው ጌሾ፣ ከቧንቧው ሥር ስለተንሰራፋው ጤና አዳም የሚጠይቅ የለም። ማስታወቂያው ላይም አይገቡም።

ሕጉን ላየ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። እዚያው አንቀጽ ውስጥ፣ ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ተጽፏል። ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል፣ የመሬቱ ተጠቃሚነቱ ሲቋረጥም ንብረቱን ማንሳት ወይም ካሳ መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ በእጅ ተተክሎ፣ ውሃ በጀሪካን ተሸክመውለት ያደገ ዛፍ ከባለቤቱ ንብረት ሁሉ ይበልጥ የራሱ የሆነው ነው ማለት ነው። ገበያው ግን የማይሸጠውን መሬት በካሬ እየተመነ፣ የሚሸጠውን ተክል ከነመኖሩም ይረሳዋል።

ታዲያ ለሽያጭ በቀረበ፣ ምናልባትም በወራት ውስጥ ዶዘር በሚገባበት ግቢ ውስጥ አትክልት መንከባከብ ምን ትርጉም አለው? እኔ ትልቅ ትርጉም አለው ባይ ነኝ። እንዲያውም ግቢ ከምንጊዜውም በላይ እንክብካቤ የሚፈልገው በዚያ ሰሞን ነው።

አክስቴ ቤታቸውን ለመሸጥ የወሰኑት ባለቤታቸው ካረፉና ልጆቹ በየፊናቸው ኑሮ ከመሠረቱ በኋላ ነው። ግቢው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ የጭቃ ቤት ከነሰርቪሱ ያለበት ነው። ደላላው ሥራውን የሚያውቅ፣ አነጋገሩም የተገራ ወጣት ነበር። በሩን አልፎ እንደገባ የግቢውን ወርድና ቁመት በእርምጃ ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ አቮካዶውን አየ።

«ማዘር፣ ይሄን ያስቆርጡት። ገዢ ሲገባ ቦታው ጠቦ ነው የሚታየው። ጥርግ ሲል ነው ዋጋ የሚያወጣው።»

«ካሬው ካርታው ላይ ተጽፎልሃል ልጄ» አሉት። «ዛፉ አልቀነሰው።»

«ልክ ነው ማዘር፤ ግን ሰው በዓይኑ ነው የሚገዛው።»

«እንግዲያው አይቶ ይግዛ።»

ደላላው የተናገረው ከገበያው የተማረውን ነው። ሳር ቤት፣ ኦልድ ኤርፖርት ወይም ሲ ኤም ሲ ያለ ቪላ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሊኖርበት ስለሚገዛ የተከረከመ ሳርና ጥላ ያለው ዛፍ ልቡን ሊገዛው ይችላል። ሰንጋ ተራ ግን ሌላ ነው። ሰፈሩ የከብት ገበያነቱን ስሙ ላይ ብቻ አስቀርቶ የባንክ ሰፈር ሆኗል። በየካቲት 2014 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ኅብረት፣ ዘመንና ንብ ባንኮችም ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን እዚሁ ዙሪያ ሠርተዋል። በዚህ ላይ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥሪት እንዲገባ ይደነግጋል። ገዢው ሊዙን፣ የግንባታ ብረቱን፣ ሲሚንቶውን ሲደምር የሚያስበው ወደ ላይ ስንት ወለል እንደሚያወጣ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የጌሾ ቦታ የለም። መንግሥት ለዓመታት ሲሰበስብ የኖረው እንኳ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው፤ ዛፍ ጣሪያም ግድግዳም ስላልሆነ እዚያም አልተቆጠረም።

ቢሆንም ዓይን ላይ ብቻ እንኳ ብንቆም ጥርግ አድርጎ መመንጠር የሚመከር አይደለም። ለሽያጭ የቀረበ ግቢ ላይ መጀመሪያ መነካት ያለበት አጥሩ ነው። በአዲስ አበባ አሮጌ ግቢዎች አጥሩ ብዙ ጊዜ ኮሽም፣ ቀጋ ወይም የፈረንጅ ጽድ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ካልተከረከሙ በየዓመቱ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይወፍራሉ። የአክስቴ ኮሽም በጎረቤት በኩል ክንድ ያህል አልፎ ነበር። በካርታው ላይ ያለው ልክና መሬት ላይ የሚታየው ልክ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ገዢ ይጠረጥራል፣ ጎረቤት ይነሳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 818፣ ድንበር በመጋጠሚያ ነጥቦች እየተለካ እንዲረጋገጥ የሚያደርግ ነው፤ ለኪው ሲመጣ የግቢው አራት ማዕዘኖች ከእሾህ ውስጥ ወጥተው መታየት አለባቸው። ስለዚህ ኮሽሙ ይከረከም፣ ማዕዘኖቹ ይጽዱ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ላይ የወጣው ሳር ይነሳ፣ ከግድግዳ የተጠጋው ተክል እርጥበት እንዳያስገባ ትንሽ ይራቅ። ሌላው ባለበት ይቆይ። ገዢው ሰፊ ግቢ ሲያይ ሰፊነቱን የሚያውቀው ከሚያርፍበት ጥላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባዶ አቧራ ላይ የቆመ ሰው ቶሎ ነው ተመልሶ የሚወጣው።

* * *

ሰንጋ ተራ ለዓመታት ግንባታ ያልተለየው ሰፈር ስለሆነ እዚያ ተክል የሚያሳድግ ሰው ዋና ጠላቱ አቧራ ነው። የሎሚውን ቅጠል በጣት ጫፍ ሲነኩት እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክራል። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ቅጠሉን ደግፈው፣ በሌላው እርጥብ ጨርቅ ይዘው ያብሱታል። ከላይ ካበሱት በኋላ ገልብጠው ከሥሩም ያብሱታል። ያለ ምክንያት አይደለም። ሎሚና ብርቱካንን የመሰሉ ተክሎች የሚተነፍሱባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት በቅጠሉ ሥር በኩል ነው፤ ክሽክሽም የሚደበቀው እዚያው ነው። ጨርቁ ሲጠቁር በበርሜሉ ውሃ አለቅልቀው፣ ያንኑ ውሃ ለጽጌረዳው ያፈሱለታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ማሰሮ ውሃ ሁለት ሥራ ሳይሠራ መሬት አይነካም። የመጨረሻው የልብስ ማለቅለቂያ ለአጥሩ፣ የጎመንና የድንች እጣቢ ለጌሾው ነው። የቡና አተላ ደግሞ ለመደቡ።

ልጃቸው አንድ ቀን «እማዬ፣ ሊፈርስ ነው እኮ፤ ለምን ትደክሚያለሽ?» አለቻቸው።

«የተጠማ ነገር አይነቀልም» አሏት። «ሥሩ ደርቆ ከተነቀለ የትም ቢሄድ አይዝም።»

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች መልስ ውስጥ ነው። ለሽያጭ የቀረበ ግቢን የምንንከባከበው ለፎቶ ብቻ ከሆነ በእርግጥም ድካም ነው። ለመንቀል፣ ለመከፋፈል፣ ለማባዛት ከሆነ ግን እንክብካቤው የጉዞ ስንቅ ነው። ከመነቀሉ በፊት ለሳምንታት ውሃ የጠጣ፣ ክሽክሽ ያልነካው፣ አዲስ ቀንበጥ ያወጣ ተክል ብቻ ነው ከሥሩ ግማሹን አጥቶም የሚተርፈው።

ለዚህ ደግሞ ወቅት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የተነቀለ ተክል ቀን ይደርቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አለሁ ሲል ይመጣል፣ ሳይልም ይቀራል። አስተማማኙ ሰኔ ነው። ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም ሦስት ወር ሥር የመስደጃ ጊዜ ያገኛል።

ስለዚህ ቤት ሻጭ ሁሉ ልብ ቢለው ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ሻጭ በዋጋ ላይ ሳምንታት ይከራከራል፤ ስለ ርክክቡ ቀን ግን ብዙም አይነጋገርም። ቀብድ ተቀብሎ፣ ውል ተዋውሎ፣ ስም እስኪዛወር ድረስ እንደሆነ ጊዜ መሄዱ አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ከዚያ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ የስም ማዛወሪያ ክፍያ አለ፣ የክሊራንስ ወረቀት አለ። በየካቲት የተስማማ ሻጭ ቁልፉን በሐምሌ ለማስረከብ ቢዋዋል ገዢውን እምብዛም አይጎዳውም፤ በክረምት መሠረት ለማስቆፈር የሚቸኩል ሰው ብዙ አይደለምና። ለተክሎቹ ግን ያቺ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ናት። አክስቴ ከዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሰው ቀኑን ወደ ሐምሌ መጨረሻ ገፉት። ልጆቻቸው አልወደዱላቸውም ነበር።

* * *

ግቢ ሙሉውን አይነሳም። የሚነሳውና የማይነሳው ቀድሞ መለየት አለበት። እያንዳንዱ ተክልም የራሱ ጠባይ አለው።

ጤና አዳም ቀላሉ ነው። ገና ያልጠነከረ የጣት ርዝመት ያለው ቀንበጥ ተቆርጦ፣ የታችኛው ቅጠል ተነስቶለት፣ ጥላ ውስጥ እርጥብ አፈር ላይ ከተሰካ በሳምንታት ውስጥ ሥር ይሰዳል። ጠጅ ሳርና አሪቲ ጉብታቸው በአካፋ ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፋይ ሥር ይዞ ይሄዳል። ኮሰረት ጎንበስ ያለው ቅርንጫፉ መሬት ሲነካ ራሱ ሥር ስለሚያወጣ ከእናቱ መለየት ብቻ ነው የሚጠበቀው። በሶብላ የሚወሰደው በዘሩ ነው፤ አናቱ ሲደርቅ ወረቀት ላይ ይራገፋል። ጌሾ ግን ብዙ ጊዜ የሚበዛው በዘር ነው። ከቀይ ወደ ጥቁር የዞረው ፍሬው ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ ተነስቶ፣ ዘሩ ሳይከርም መዘራት አለበት። ጌሾ ያለው ሰው ለመሸጥ ሲያስብ ስለ ፍሬው በጊዜ ካላሰበ ወፍ ይቀድመዋል።

የጽጌረዳው ነገር ጠጋ ብሎ መታየት ይገባዋል። አበባው ያለፈለት፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል። እሾሁን በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ከተነሳ ቅርንጫፉ ደርሷል፤ ከተላጠ ገና ለጋ ነው። ስንዝር ያህል፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው ሆኖ ይቆረጣል፤ ከታች ልክ ከዓይኑ ሥር በሰያፍ፣ ከላይ ደግሞ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ ብሎ። ሁለቱ ቁርጦች የሚለያዩት ራሱና እግሩ እንዳይምታቱ ነው። የላይኛው ቅጠል ግማሹ ይቀራል፣ ሌላው ሁሉ ይነሳል። አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ግማሽ ድረስ ገብቶ፣ አፈሩ በጣት ተጠቅጥቆ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ትልቁ ሥራ አለመንካት ነው። ሰው ሥር ሰደደ ወይ ብሎ እየነቀነቀ ያየዋል፤ ያኔ የወጣችው ነጭ ክር ትበጠሳለች። አዲስ ቅጠል ማውጣቱም ብቻውን አያስተማምንም፤ በግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ቅጠል አውጥቶ ሥር ሳይሰድ የሚሞት ብዙ ነው። ቀስ ተብሎ ሲሳብ የማይመጣው እሱ ነው የያዘው።

አክስቴ የዘይትና የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎችን ከሥራቸው በምስማር በስተው፣ ቅንጥቦቹን ተክለውባቸው፣ ከሰርቪሱ ግድግዳ ሥር አሰልፈዋቸው ነበር። ባዶ ቆርቆሮ ለሳምንታት ከዕድርተኛ ቤት ሁሉ ሲለቀም ከርሟል። እያንዳንዷ ቆርቆሮ የምትሄድበት ቤት አላት። አንዱ ለልጃቸው፣ አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ከሰፈሩ ተነስተው ሩቅ ኮንዶሚኒየም ለገቡ የጽዋ ማኅበርተኛ።

ትልልቆቹ ዛፎች ጭንቅ ናቸው። ዛፍ ለማዛወር የሚታወቀው ልክ፣ ከሥሩ ጋር የሚነሳው አፈር ስፋት ቢያንስ የግንዱን ውፍረት አሥር እጥፍ መሆን አለበት የሚለው ነው። ግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ዛፍ እንኳ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የአፈር ጓል ይፈልጋል ማለት ነው፤ ክብደቱ በመቶዎች ኪሎ ይቆጠራል፣ ያለ ክሬን አይነሳም። የአክስቴ አቮካዶ ግንዱን አንድ ሰው አቅፎ አይዘልቀውም። የግቢው ጽድም እንዲሁ። እነዚህን ይዞ መሄድ አይቻልም።

አቮካዶው ግን ሌላ መንገድ አለው። ፍሬው ተዘርቶ የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም፤ ፍሬ ለመስጠትም ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ከእናት ዛፉ ተቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ የሚዳቀለው ቅርንጫፍ ግን ያው ራሱ ዛፉ ነው። ቅቤነቱም፣ የፍሬው ቅርጽም፣ የሚያፈራበት ወርም አይለወጥም፤ በሦስት ወይም በአራት ዓመትም ያፈራል። ዓይኑ የሞላ፣ ገና ያልፈነዳ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅንጥብ ተመርጦ፣ ቅጠሉ ተነስቶለት፣ በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ተጠቅልሎ በቀናት ውስጥ ማዳቀል ለሚያውቅ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ይደርሳል። ካዝሚርም፣ ኮክም፣ ፕሪምም እንደዚሁ ይዳቀላሉ። ከዋና ከተማዋ አሮጌ ግቢዎች ስንት ጥሩ የኮክና የካዝሚር ዘር በዶዘር ሥር እንደቀረ ሳስብ ያመኛል። ማንም ክፉ ነገር አስቦ አይደለም፤ አንድ ፌስታልና አንድ ጠዋት የሚሰጥ ሰው ስለጠፋ ነው።

* * *

እዚህ ላይ ወደ ሕጉ መመለስ ግድ ነው፤ ሻጭና ገዢ የሚጣሉት በዚህ ነውና። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1133 ዛፎችና ሰብሎች ከመሬቱ እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ አካል እንደሆኑ ይናገራል። ከመሬቱ ሊለዩ ውል ከተደረገባቸው ግን ራሳቸውን እንደቻሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ይቆጠራሉ። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ መሬትም ይሸጥ ነበር። መሬቱ ከግል እጅ ሲወጣ ይህ አንቀጽ በቦታው ቀረ፣ በኋላም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መጣ፤ ዛፍ በሁለቱ መካከል ቆሟል። በተግባር ሲታይ ትርጉሙ ቀላል ነው። ውሉ ላይ ምንም ካልተጻፈ መሬት ውስጥ የተተከለው ሁሉ ለገዢው ሊሄድ ይችላል፤ ድስትና ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ብቻ ያለ ክርክር የሻጩ ነው። «ጌሾውን እነቅላለሁ» ብሎ በቃል መስማማት ርክክብ ላይ ያጨቃጭቃል። አንዲት መስመር ብቻ ትበቃለች፤ ሻጭ እነዚህን ተክሎች እስከዚህ ቀን ድረስ ነቅሎ ይወስዳል፣ የነቀለበትንም ጉድጓድ ይደፍናል የምትል።

እንግሊዞች ይህን ቅጽ አድርገውታል። ቤት ሻጭ ከሚሞላቸው ወረቀቶች አንዱ ላይ መጋረጃውና ምድጃው እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ በግቢው ያሉ ዛፎችና ተክሎች ይቀራሉ ወይስ ይወሰዳሉ የሚል ጥያቄ አለ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ሲሸጡ ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥማቸዋል። የቤት አሻሻጩ ሳሩን እጨዱ፣ የተፈጨ የዛፍ ልጥ አልብሱ፣ ከፊት ለፊት አበባ ትከሉ ይላል፤ የጓሮው የሐበሻ ጎመን ግን ከዓይን እንዲጠፋ ይፈልጋል። እዚያ ግቢው ዋጋ አለው፤ ጎመኑ ነው የሌለው።

እኛ ዘንድ ተክል በወረቀት ላይ የሚቆጠርበት አንድ ቦታ አለ። መንግሥት ለልማት ቦታ ሲወስድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የካሳ ደንብ፣ ቁጥር 135፣ ፍሬ መስጠት ላልጀመረ ቋሚ ተክል ለእያንዳንዱ እግር ማሳደጊያ የወጣው ወጪ እንዲታሰብ፣ ለሚያፈራው ደግሞ የዓመት ምርቱ በኪሎ ተሰልቶ በወቅቱ የገበያ ዋጋ እንዲባዛ፣ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተከል ለሚችለውም የማዛወሪያው ወጪ እንዲከፈል ቀመር አውጥቶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከንብረቱ አልፎ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እስከ መክፈል ሄዷል። እንግዲህ መንግሥት ሲወስድ የሚቆጠረውን ጌሾ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ሲሸጣሸጡት ማንም የማይቆጥረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሻጭ የደንቡን ቀመር ወስዶ ግቢውን ቢገምት የሚያግደው የለም። ዋጋው ከካሬው ጎን ትንሽ ይሆናል፤ ቢሆንም ተጽፎ ሲታይ ገዢው ዓይኑን ወደዚያ ያዞራል።

የሚነሱት ተክሎች የሚሄዱበት ቦታም ሌላ ጉዳይ ነው። በሰንጋ ተራና በክራውን የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ 972 የ40/60 ቤቶች በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲተላለፉ ቁልፍ የተቀበለው ሰው በረንዳ እንጂ ጓሮ አልተቀበለም። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳም ብዙ ሰው ከግቢ ኑሮ ወደ ፎቅ ገባ። በረንዳ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አሪቲና ኮሰረት በደንብ ይኖራሉ፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ያግኙ እንጂ። ጽጌረዳ ጥልቅ ዕቃ ይፈልጋል። ጌሾና ካዝሚር በረንዳ አይችላቸውም፤ ለእነሱ ግቢ ያለው ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መፈለግ ነው። አንዳንድ አጥቢያዎች ዛፍ ሲሰጣቸው ደስ ይላቸዋል፤ ቀድሞ ማነጋገር ብቻ ነው።

ገዢው ከመሐንዲሱ ጋር የመጣው በሰኔ ነው። አክስቴ ቡና አፍልተው ነበር። መሐንዲሱ ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ አክስቴ ተከትለውት ሄዱና አቮካዶው ከወሰኑ ምን ያህል እንደሚርቅ እንዲለካላቸው ጠየቁት። ለካ። ሕንፃ ከወሰን የሚተወው ክፍት ቦታ እንዳለ እሳቸውም ከልጃቸው ሰምተው ነበር። መሐንዲሱ ቅርንጫፉ ቢከረከም ግንዱ ክፍት ቦታው ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል፣ ሥሩ ግን ከመሠረቱ ጋር እንደሚያጣላው ነገራቸው። ቃል አልገባላቸውም፤ እሳቸውም ቃል አልጠየቁትም። ቅንጥቡ በዚያው ሳምንት ለችግኝ ጣቢያ ሄዶ ነበር።

ከዚያ ውሉ ላይ የምትገባው መስመር ተነበበች። ጽጌረዳው፣ ጠጅ ሳሩ፣ ኮሰረቱ፣ አሪቲው፣ ጌሾው በሻጭ እስከ ሐምሌ 30 ይነሳሉ። ገዢው ጌሾው ላይ ሲደርስ አስቆመ።

«እናቴ ጠላ ትጠምቃለች እማማ። እስክንሠራ እዚህ ሰርቪሱ ውስጥ ነው የምትቀመጠው። አንዱን ጌሾ አይንቀሉብኝ።»

«ሁለት እተውልሃለሁ» አሉት። «ግን ያኛው ገና ልጅ ነው፤ እስከ መጪው ዓመት ቅጠሉን እንዳትሸመጥጠው ንገርልኝ።»